«ሰው የማይችለው» ስለተባለው ግራንድ ፕሪ ሌጀንድስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ቆዩ የመኪና ውድድር ጌሞች ባወጣችሁት ጽሑፍ ግራንድ ፕሪ ሌጀንድስ «ሰው የማይችለው» ተብሎ በጥቂት ዓረፍተ ነገር ታልፏል። ጌሙ ከባድ መሆኑ እውነት ነው። አይቻልም መባሉ ግን ትክክል አይደለም። ሊሞክረው አስቦ ይህን አንብቦ የተወ ወጣት ካለ በጣም ያሳዝናል። መኪናው ለምን እንደሚሽከረከር ይታወቃል፤ መላውም እንደዚሁ ይታወቃል። ስለዚህ ቦታ ሰጥታችሁኝ በዝርዝር ላስረዳ።

ጌሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። የሠራው ፓፓይረስ የሚባለው የማሳቹሴትስ ድርጅት፣ ያከፋፈለው ደግሞ ሲየራ ነው። ከሠሪዎቹ ዋናው ዴቪድ ኬመር ሲሆን፣ በኋላ በኢንተርኔት የሚወዳደሩበትን የመኪና ውድድር ጌም አይሬሲንግን ከጆን ሄንሪ ጋር የመሠረተ ሰው ነው። ጌሙ የያዘው አንድ ዘመን ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1967ን የፎርሙላ ዋን ዓመት። ከደቡብ አፍሪካው ኪያላሚ እስከ ሜክሲኮ ሲቲ 11 መወዳደሪያዎች አሉት። የፈረንሳዩ ውድድር በዚያ ዓመት የተካሄደው ለማን ከተማ ባለው አጭሩ የቡጋቲ መንገድ ላይ ነበር፤ ሠሪዎቹ ግን በእሱ ፈንታ ሩዋንን አስገብተዋል፣ ደግ አደረጉ፤ ሩዋን ቁልቁለት የሚወርድ፣ ልብ የሚሰቅል መንገድ ነው። መኪኖቹ ሰባት ናቸው፦ ሎተስ 49፣ ፌራሪ 312፣ ኢግል፣ ብራባም፣ ቢ አር ኤም፣ ኮቨንትሪና ሙራሳማ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ስሞች በታሪክ መጻሕፍት ፈልጎ የሚያገኛቸው የለም። ኩፐርና ሆንዳ ናቸው፤ የስም ፈቃድ ባለመገኘቱ ነው ሌላ ስም የወጣላቸው።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ከ1966 ጀምሮ የፎርሙላ ዋን ሞተር 3 ሊትር እንዲሆን ተፈቅዶ ነበር፤ የመኪናው ዝቅተኛ ክብደት ደግሞ 500 ኪሎ ነበር። የሎተስ 49 ሞተር በደቂቃ 9,000 ዙር ላይ ወደ 400 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። መኪናውን በነፋስ ኃይል ወደ መሬት የሚጫነው ክንፍ ግን ገና አልመጣም፤ ክንፍ በፎርሙላ ዋን መኪኖች ላይ የታየው በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1968 ቤልጅግ ውስጥ ባለው ስፓ ላይ ነው። ስለዚህ ጎማውን መሬት ላይ የሚያስይዘው የመኪናው የራሱ ክብደት ብቻ ነው። ያ ክብደት ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት፣ ነዳጅ ሲሰጥ ወደ ኋላ፣ ኩርባ ሲገባ ወደ ውጭ ይሄዳል። የጌሙ ጥበብ በሙሉ ይህን ክብደት በእግር ማስቀመጥ ነው። መሪው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ጀማሪ ሁሉ የሚሽከረከርበት ምክንያት በአብዛኛው አንድ ነው፤ ኩርባ ውስጥ ገብቶ «በዛብኝ» ብሎ ሲደነግጥ ነዳጁን ይለቃል። ያኔ ክብደቱ በቅጽበት ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላ ጎማ ይቀልላል፣ ጅራቱ ይወጣል። አዲስ አበባ ላይ ቮልስ የነዳ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ቁልቁለት ላይ በፍጥነት ኩርባ ገብቶ ነዳጅ የለቀቀ ሰው ኋላው ሲያመልጠው ወንበሩ ላይ ይሰማዋል። የ1967ቱ መኪና ከቮልስ የሚለየው ጉልበቱ አሥር እጥፍ ገደማ፣ ክብደቱ ደግሞ ከቮልስ ያነሰ መሆኑ ነው። በዘመናዊ የውድድር ጌም ያደገ ሰው ስህተቱን የሚያባብሰው እጁ ስለለመደ ነው። እዚያ ነዳጅ መልቀቅ መኪናውን ያረጋጋል፣ እዚህ ያሽከረክረዋል።

መድኃኒቱን በአሜሪካው መወዳደሪያ በዋትኪንስ ግሌን የመጀመሪያ ኩርባ ላይ ላሳይ። ልምምድ መጀመር ያለበትም እዚያ ነው፤ አንዱ ዙር 3.7 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ስህተትን ቶሎ ተመልሶ ማረም ይቻላል። ከመነሻው ቀጥታ በኋላ የሚመጣው ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ኩርባ ነው። ፍሬን የሚያዘው መኪናው ቀጥ እንዳለ፣ መሪው ሳይነካ ነው። ፍጥነቱ የሚፈለገው ደረጃ ሲደርስ ፍሬኑ ቀስ ብሎ ይለቀቃል፤ በአንዴ ከተለቀቀ አፍንጫው ብድግ ይልና የፊት ጎማ መያዣ ያጣል። ከዚያ መሪው መዞር ከመጀመሩ በፊት ትንሽ ነዳጅ ይሰጣል፤ የሚሰጠው ለማፍጠን አይደለም፣ መኪናው እንዳይቀንስም እንዳይጨምርም ለመያዝ ነው። ሩብ ያህል ፔዳል ይበቃል። ይህች ሩብ ፔዳል ክብደቱን በአራቱ ጎማ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ያን ጊዜ ብቻ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። የኩርባው መውጫ ሲታይና መሪው መፈታት ሲጀምር ነዳጁም አብሮ ይጨመራል። እጅና እግር የታሰሩ ያህል ነው፤ መሪው በተፈታ ቁጥር እግር ይረግጣል፣ መሪው ገና ዞሮ ሳለ እግር ከረገጠ ኋላው ይወጣል።

ከዚያ ኩርባ በኋላ ሽቅብ የሚወጣ የቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ ጥምዝምዝ አለ። እዚህ የሚፈተነው ልክ ይኸው ነገር ነው። ከቀኝ ወደ ግራ ሲታለፍ ክብደቱ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይወዛወዛል፤ በዚያች ቅጽበት ነዳጅ የለቀቀ ሰው መኪናውን አጥር ላይ ያገኘዋል። የመጀመሪያውን ቀኝ ትንሽ ቀንሶ ገብቶ ነዳጁን ሳያነሳ እስከ ላይ መሄድ፣ በፍጥነት ገብቶ መሃል ላይ ከመልቀቅ ሁልጊዜ ይፈጥናል። ይህንን ጥምዝምዝ ሃያ ጊዜ ሳይሽከረከር ያለፈ ሰው ጌሙን ይችላል ማለት ነው፤ የቀረው መደመር ነው።

ኋላው ከወጣ ደግሞ ወዲያው ሁሉ ነገር አላለቀም። የዘመኑ ጎማ ጥርስ ያለው፣ ከዛሬው የጠበበ፣ ሲንሸራተትም ቀስ ብሎ የሚንሸራተት ነው። የዛሬ የውድድር ጎማ አጥብቆ ይይዝና በድንገት ይለቃል፤ ይህኛው አስቀድሞ ይናገራል። መኪናው ሁልጊዜ በትንሹ እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው፤ ያ ጤንነቱ ነው። ጅራቱ ሲወጣ መሪውን ወደወጣበት አቅጣጫ ማዞር፣ ነዳጁን ሳይለቁ ትንሽ ብቻ ማላላት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው በሁለተኛው ውዝዋዜ ነው። መኪናው ሲመለስ መሪውን ለመመለስ ስለሚዘገይ በተቃራኒው ጎን ይሽከረከራል። ስለዚህ መኪናው መመለስ ከመጀመሩ በፊት መሪው ወደ መሃል መጓዝ መጀመር አለበት። ዓይንን መሄድ በሚፈለግበት መንገድ ላይ መትከል ይጠቅማል፤ ዓይኑን አጥሩ ላይ የተከለ ሰው አጥሩ ጋ ይደርሳል። መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ቢቆም ሺፍትንና የእንግሊዝኛውን «አር» ፊደል አንድ ላይ መጫን ወደ መንገድ ይመልሰዋል።

ስለ ፍሬንም ልናገር። ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ምንም ነገር የለም። የፊት ጎማ ከተቆለፈ መሪው ዞሮ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ፍሬኑን በጥቂቱ ማላላት ይመልሰዋል። የኋላ ጎማ ከተቆለፈ ግን መኪናው ይዞራል። የፍሬኑ ኃይል ወደ ፊት የሚከፋፈልበት መጠን በማስተካከያ ገጹ ላይ አለ፤ ለጀማሪ ከ54 እስከ 57 በመቶ ወደ ፊት ቢሆን ጥሩ ነው። ኋላው እየተቆለፈ ካስቸገረ አንድ አንድ በመቶ መጨመር ይሻላል። ብዙ ጊዜ ግን ኋላውን የሚቆልፈው ፍሬኑ ሳይሆን ማርሽ ቶሎ መቀነሱ ነው። ፍጥነቱ ሳይወርድ ከአራት ወደ ሁለት የተጣለ ማርሽ የሞተሩን ዙር ከልክ በላይ ያስወጣል፣ የኋላ ጎማውን እንደ እጅ ፍሬን ይይዘዋል፣ ሲብስም ሞተሩን ያፈነዳል። መጀመሪያ ፍሬን፣ ከዚያ ፍጥነቱ በወረደ ቁጥር አንድ አንድ ማርሽ፤ በየመሃሉም እግርን ነዳጁ ላይ መታ ማድረግ።

ማስተካከያ ገጹን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አትንኩት እላለሁ፤ ከአንድ ነገር በስተቀር። እሱም ዲፈረንሻሉ፣ የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል ነው። ሁለት የማዕዘን ቁጥሮችና በውስጡ ያሉትን የፍሪሲዮን ሰሌዳዎች ብዛት የሚያሳይ አንድ ቁጥር አሉት። አንደኛው ማዕዘን ነዳጅ ሲሰጥ፣ ሁለተኛው ነዳጅ ሲለቀቅ የሚሠራ ነው። ማዕዘኑ ባነሰ ቁጥር ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ይበልጥ ይቆላለፋሉ፤ 30 አጥብቆ ያስራል፣ 85 ይለቃል። 85 እና 30፣ በአንድ ሰሌዳ ከተደረገ፣ ነዳጅ ሲለቀቅ ጎማዎቹ ተሳስረው መኪናውን ቀጥ ያደርጉታል፤ ነዳጅ ሲሰጥ ደግሞ የውስጡ ጎማ ብቻውን ይፈተለካል እንጂ ጅራቱ በአንዴ አይወጣም። ከኩርባ ሲወጣ ጥቂት ጊዜ ያባክናል፤ ጀማሪን ግን በመንገድ ላይ ያቆየዋል። ከፍ ያለ አሽከርካሪ የመጀመሪያውን ቁጥር ወደ 60፣ ከዚያ ወደ 45 እያወረደ ይሄዳል። ነዳጅም ብዙ አይሞላ፤ ለአሥር ዙር የሚበቃ ብቻ። የሞላ ጋን መኪናውን ያከብደዋል፣ የፍሬን ቦታውንም ይለውጠዋል፤ በሞላ ጋን የተለማመደ ሰው ነዳጁ ሲያልቅ ሌላ መኪና እየነዳ ያለ ይመስለዋል።

መቆጣጠሪያ ላይ በጽሑፋችሁ የተሳሳተ ምክር አለ። በቁልፍ ሰሌዳ መንዳት ይቻላል ተብሏል፤ ጌሙ ይቀበላል፣ ሰው ግን አይችልም። ቁልፍ ወይ ተጭኗል ወይ አልተጫነም፤ ያቺ ሩብ ፔዳል የለችበትም። ጌሙ ክፉ ስም ካተረፈባቸው ምክንያቶች ትልቁ ይህ ይመስለኛል። መሪና ፔዳል ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው የአውራ ጣት ዘንግ ያለው ተራ የጌም መያዣ ይበቃዋል፤ የመሪውን ስሜት መሃል አካባቢ እንዲለዝብ ማስተካከል ብቻ አለበት። መሪ ያለው ሰው ሁለት ነገር ይመልከት። አንደኛ፣ አንዳንድ መሪዎች ነዳጅንና ፍሬንን እንደ አንድ መስመር ያስተላልፋሉ፤ ሁለቱን አንድ ላይ መርገጥ አይቻልም ማለት ነው። መለየት አለባቸው። ሁለተኛ፣ 900 ዲግሪ የሚዞር መሪ ከሆነ ከ270 እስከ 360 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይገደብ፤ አለዚያ ጅራት ሲወጣ እጅ አይደርስም። መሪው ኩርባ ውስጥ እንደመክበድ ወደታጠፈበት የሚጎትት ከሆነ ኃይሉ ተገልብጧል፤ «ኮር» በሚባለው የማስተካከያ ፋይል ውስጥ የመሪውን ኃይል የሚወስነው ቁጥር 200 ነው፣ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ማስገባት ያስተካክለዋል። ምልክቱን ሳይነኩ ቁጥሩን ከ200 ማውረድ መሪውን ያከብደዋል፣ መጨመር ያቀልለዋል።

በዛሬ ኮምፒውተር ላይ ስለ መጫን። የ1998ቱ ሲዲ ብቻውን አይበቃም። ጌሙ የተሠራው ዛሬ ለማይገኙ የስሪዲኤፍኤክስና የሬንዲሽን የሥዕል ካርዶች ነው፤ ፈጣን ፕሮሰሰር ላይ ደግሞ ገና ሲነሳ ይዘጋል። የሚያስፈልገው በቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ጌሙን መጫን፣ 1.2 የተባለውን የሠሪዎቹን እርማት መጨመር፣ ቀጥሎ አፍቃሪዎቹ የሠሩትን የፕሮሰሰር እርማትና ለኦፕን ጂኤል ወይም ለዳይሬክት ስሪዲ (የዛሬ ካርዶች ሥዕል ለሚሠሩባቸው መንገዶች) የሚሆነውን የሥዕል ክፍል ማስገባት፣ በመጨረሻም ጌም ፕላስ የሚባለውን ማስነሻ መጫን። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ የሠሪዎቹ እርማት የአፍቃሪዎቹን ፋይል ይደመስሰዋል። ሌላው ስህተት ዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሚያስቀምጥበት የተለመደ ፎልደር ውስጥ መጫን ነው፤ ዊንዶውስ እዚያ ውስጥ ፋይል እንዲለወጥ ስለማይፈቅድ የተስተካከለው ሁሉ ይጠፋል። በሲ ድራይቭ ሥር የራሱ ፎልደር ቢሠራለት ይሻላል። ጌሙ ሲወጣ በሰከንድ 36 ምስል ላይ ተቆልፎ ነበር፤ ወደ 60 የሚያደርሰው የአፍቃሪዎች ሥራ የዓይን ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ጅራቱ መውጣት ሲጀምር ቀድሞ ለማየት ይረዳል።

የትኛው መኪና? በጽሑፋችሁ ሎተስ ተመክሯል፤ ፈጣኑ እሱ ስለሆነ። እውነትም ፈጣኑ እሱ ነው፤ የሎተስ አሽከርካሪ የነበረው ጂም ክላርክ በ1967 ሆላንድ ውስጥ ባለው ዛንድቮርት ላይ፣ መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ በተወዳደረበት ቀን አሸንፎበታል። ለጀማሪ ግን ከመጥፎ በላይ መጥፎ ምርጫ ነው፤ ጉልበቱ በድንገት ይመጣል፣ ስህተት አይምርም። መጀመሪያ በልምምድ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ደካማ የመለማመጃ መኪኖች ይነዱ። ከዚያ ብራባም ይሻላል። የሬፕኮ ሞተሩ ጉልበት አነስተኛ ነው፣ መኪናው ግን ቀላልና ታዛዥ ነው፤ ዴኒ ሀልም በዚያ ዓመት የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በብራባም ነው። ኢግል ከፍ ወዳለ ፍጥነት ለመሸጋገር ጥሩ ነው፤ ረጋ ያለ ነው፣ ዳን ገርኒም ስፓን አሸንፎበታል። ኮቨንትሪ ከባድና ዘገምተኛ ቢሆንም ይቅር ባይ ነው። ቢ አር ኤም ባለ 16 ሲሊንደር ሞተሩን የሚሸከም ከባድ መኪና ነው፤ ለሚወደው ይተው። ከእነዚህ ሁሉ በፊት መለማመድ የሚፈልግ ደግሞ አፍቃሪዎች የጨመሯቸውን የ1965 መኪኖች ይፈልግ፤ ሞተራቸው 1.5 ሊትር ብቻ ነው፣ ጉልበታቸው የሎተስ 49ን ግማሽ ያህል ነው። ክብደትን በእግር መያዝ እንደነሱ የሚያስተምር የለም።

ከዋትኪንስ ግሌን ቀጥሎ ዛንድቮርትና ኪያላሚ፣ ከዚያ ሞንዛ። ሞንዛ በ1967 ዛሬ ያሉት ጠባብ የፍጥነት መቀነሻ ጥምዝምዞች አልነበሩትም፤ ቀላል ይመስላል፣ ግን የመጨረሻውን ረጅም ኩርባ፣ ፓራቦሊካን፣ ነዳጁን በእርጋታ እየጨመሩ መውጣት ካልተቻለ ሙሉ ቀጥታው ይበላሻል። ሞናኮ በ1967 100 ዙር ነበር፤ ጠባብ ነው፣ ለትዕግሥት ካልሆነ ለጀማሪ አይመከርም።

ስፓ ለብቻው ነው። ዙሩ 14.1 ኪሎ ሜትር ነው፣ የሚሮጠው ሰዎች በሚኖሩበት የአገር መንገድ ላይ ነው። ማስታ በሚባለው ቦታ ላይ በመጨረሻው ማርሽ ወርዶ በቤቶች መካከል ግራ፣ ወዲያው ቀኝ የሚል እጥፋት አለ፤ የቤቱ ግድግዳ ከመንገዱ ጠርዝ ብዙም አይርቅም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከእጥፋቱ ቀደም ብሎ ነዳጁን ትንሽ ማላላት፣ ከዚያ መልሶ ይዞ እጥፋቱን ማለፍ ያስፈልጋል። መላላቱ ከእጥፋቱ በፊት እንጂ በውስጡ ፈጽሞ መሆን የለበትም። በየቀኑ የማላላቱ ቦታ እየዘገየ፣ መጠኑ እያነሰ ይሄዳል። ክላርክ በ1967 በማጣሪያው ይህንን ዙር በ3 ደቂቃ ከ28.1 ሰከንድ ጨርሷል።

የጀርመኑ ኑርቡርግሪንግ የመጨረሻው ነው። 22.8 ኪሎ ሜትር፣ ከ150 በላይ ኩርባ። ሙሉውን ዙር እየደጋገሙ ማጥናት አያዋጣም፤ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሲሽከረከሩ የቀረው ሳይታይ ይቀራል። በልምምድ ውስጥ ሳይቸኩሉ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሄዶ ቅጂውን ማስቀመጥ፣ ከዚያ ቅጂውን እያዩ በአምስት በአምስት ኪሎ ሜትር ከፋፍሎ መያዝ ይሻላል። ብዙዎቹ ኩርባዎች ኮረብታ ጫፍ ላይ ስለሆኑ መኪናው ከመሬት ይነሳል፤ ሲያርፍ መሪው ቀጥ ያለ፣ እግር ነዳጁ ላይ ያለ መሆን አለበት፣ ዞሮ ያረፈ ጎማ መኪናውን ወደ አጥሩ ይወረውረዋል። የክላርክ የማጣሪያ ሰዓት በዚያ ዓመት 8 ደቂቃ ከ4.1 ሰከንድ ነበር። ጀማሪ ሳይሽከረከር በ10 ደቂቃ ከጨረሰ ጥሩ ነድቷል፤ ከ9 ደቂቃ በታች ከገባ ሎተሱን ቢሞክር ይችላል።

አክባሪ አንባቢያችሁ